ናፍቆትና እውነት በ«ዝምተኛው ሰው»

ጆን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሕዝብ ያቀረበው «ዝምተኛው ሰው» የተሰኘ ፊልም ከአሜሪካ ወደ አየርላንድ የትውልድ መንደሩ የተመለሰን ቦክሰኛ ታሪክ ይተርካል። መስኩ ለምለም፣ መንደርተኛው ሁሉ ተጫዋች ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ 400 ሺህ ያህል ሰዎች ሥራ ፍለጋ አየርላንድን ለቀው ተሰደዋል። ፊልሙ ተመላሹን እንጂ ተሰዳጁን አያሳየንም፤ ናፍቆቱ ባዶውን ሞሰብ ሸፍኖታል።

ሆኖም ሙሽራይቱ ሜሪ ኬት ከወንድሟ የሚገባትን ገንዘብና የቤት ዕቃ ካላገኘች ትዳሯ ሙሉ እንደማይሆን ስትናገር፣ ከቀልዱ መካከል የሴት ልጅ መብትና ክብር ጥያቄ ይነሣል። ገንዘቡ በመጨረሻ ሲቃጠል የምድጃውን በር የምትከፍተው ራሷ ናት፤ ጥያቄዋ የስስት አልነበረምና። ቅርስን ለመዝናኛ የሚያቀርብ ከያኒ ከመስኩ ልምላሜ ይልቅ ይህችን ሴት አስተውሎ ሊመለከት ይገባዋል።