የላቲን ማማ በግዕዝ አገር፦ የአስመራው ካቶሊክ ካቴድራል

ስለ አስመራ ሕንፃዎች የሚጽፍ ሰው ብዕሩ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፊያት ታሊየሮ ነዳጅ ማደያ የኮንክሪት ክንፎች ወይም ወደ ሲኒማ ኢምፔሮ ነው። ሁለቱም የ1930ዎቹ ሥራዎች ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ዩኔስኮም በ2017 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያደነቀው በዋናነት ዘመናዊ መልኳን ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ በዋናው ጎዳና ላይ የቆመው የመቁጠሪያዋ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ያረጀ ነገር የደገመ፣ ለቱሪስት ፎቶ እንጂ ለሂስ የማይበቃ ሕንፃ ይመስላል። እኔ ግን የቅኝ ግዛቱን ሐሳብ ከክንፎቹ ይልቅ ይህ ቀይ ጡብ ገልጦ ያሳያል ባይ ነኝ።

ግንባታው በ1921 ተጀመረ፤ በ1923 ተባረከ። ንድፉ የኦሬስቴ ስካናቪኒ ነው። አርክቴክቱ የተከተለው የሰሜን ጣሊያኗን የሎምባርዲያን የመካከለኛ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ዘይቤ ነው፦ ጡቡ ሳይለሰን ይታያል፣ በርና መስኮቱ በክብ ቅስት ይዘጋል። ከጎኑ ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝመው የደወል ማማ ግን ወደ ጎቲክ ያዘነብላል፤ የጥንት ወዳዶች ቢነቅፉት አይፈረድባቸውም። መሠዊያው የካራራ እብነ በረድ ነው። የመስበኪያው ሰገነትና የኑዛዜ ሣጥኖቹ ደግሞ ከጣሊያን በመጣ የዋልነት እንጨት ተቀርጸዋል። ከምጽዋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1911 አስመራ ባይደርስ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ሸክም ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ደጋ ማውጣት አሳር በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ማማው ለማን ተሠራ የሚለው ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በመላው የኤርትራ ቅኝ ግዛት የነበሩት ጣሊያኖች ከአምስት ሺህ አይበልጡም ነበር። በአስመራ ብቻ ወደ 53,000 የደረሱት በ1939 ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ ያጎረፈውም በኢትዮጵያ ላይ የተከፈተው ጦርነት ነበር። እንግዲህ ስካናቪኒ የነደፈው ለነበረው ምእመን ሳይሆን ገና ይመጣል ለተባለው ነው። ሕንፃው ጸሎት ቤት የመሆኑን ያህል የይዞታ ማረጋገጫ ነው።

ውስጡ የለጋሾችን ስም የያዘ ሰሌዳ አለ፤ ከስሞቹ መካከል የቤኒቶ ሙሶሊኒ ይገኝበታል። ቀኖቹን ማስተያየት ይጠቅማል። ግንባታው ሲጀመር ሙሶሊኒ ገና ሥልጣን አልያዘም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በጥቅምት 1922 ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ካቴድራሉን «የፋሺስት ሕንፃ» ማለት ስህተት ነው። ፋሺዝም ደርሶበት ስሙን ጻፈበት እንጂ አልፀነሰውም፤ የፀነሰው ሊበራል የሚባለው የጣሊያን ዘመን ነው። ቅኝ ገዥነትን ከጥቁር ሸሚዝ ጋር ብቻ ማያያዝ ለሚቀናን ለእኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደጁ ላይ ያለው ጎዳና በሙሶሊኒ ስም ተጠራ፣ ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከዚያም ብሔራዊ ተባለ፣ ዛሬ ሓርነት ነው። ውጭ ስም በስም ሲተካ ውስጥ ያለውን ሰሌዳ የነካው የለም። ሰሌዳው የለጋሾች ነውና ጡቡን የደረደሩትን ሰዎች ስም እዚያ መፈለግ ከንቱ ነው።

የዘይቤው ምርጫ ይበልጥ የሚጎላው ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ ነው። የኦርቶዶክሷ እንዳ ማርያም በ1930ዎቹ ማብቂያ በኤርኔስቶ ጋሎ እጅ ስትታደስ የተሰጣት መልክ ከአክሱምና ከደብረ ዳሞ የተቀዳ ነው፤ ግድግዳዋ ላይ ተራ በተራ ጎልተው የወጡት ጉጦች «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለውን ጥንታዊ አሠራር ይመስላሉ። ጉይዶ ፌራሳ በ1938 የሠራው ታላቁ መስጊድ ደግሞ ሚናረቱ እንደ ሮማ ዓምድ ከላይ እስከ ታች የተቦረቦረ ነው። ኦርቶዶክሱ «አገራዊ» ልብስ ለበሰ፣ ሙስሊሙ የሮማ ዓምድ ተተከለለት፣ ገዥው ለራሱ ከአገሩ ምንም ያልቀነሰና ምንም ያልጨመረ ቤት ሠራ። በዚያን ጊዜ እጣሊያንም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግንባታ የድሮውን ዘይቤ ይወድ ነበር የሚል መልስ ሊሰጠኝ ይችላል። እውነት ነው። ሚላኖ ላይ የተለመደ ግንብ አስመራ ባለችበት በሐማሴን ሲቆም ግን የሚናገረው ሌላ ነው።

ምክንያቱም ካቶሊክነት በዚህ ምድር ሌላ መልክ ነበረው። በ1839 የመጡት የላዛሪስት ማኅበር ሚሲዮናዊ ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ ሥራቸውን በግዕዝ ሥርዓተ ቅዳሴ ላይ መሥርተው ነበር። ደቀ መዝሙራቸው የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤልም በ1855 በእስር ሳሉ ያረፉት የላቲን ቅዳሴ ሳያስፈልጋቸው ነው። ጣሊያን ቅኝ ግዛቱን ከያዘች በኋላ ፈረንሳዮቹ ላዛሪስቶች ተወግደው በ1894 ጣሊያናውያን የካፑቺን መነኮሳት ተተኩ። ካቴድራሉም የዚህ የላቲን ክንፍ መንበር ሆነ። ለግዕዙ ሥርዓት ራሱን የቻለ አስተዳደር የቆመለት በ1930 ሲሆን፣ ሙሉ ሀገረ ስብከት የሆነው በ1961 ነው። በ1995 የላቲኑ አስተዳደር ቀረ፤ የአስመራ ካቶሊኮች ጳጳስ መንበርም ያለው በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው። የስካናቪኒ ግንብ በሕገ ቀኖና ከመንበርነት ወርዷል፤ በከተማው ሕዝብ አፍ ግን «ካቴድራል» ሲባል ዛሬም የሚታሰበው እርሱ ነው።