ሦስቱ «መ»ዎች ያልነገሩን

ሦስቱን «መ»ዎች ሳትሰሙ አላደጋችሁም፦ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም። ለመያዝ ቀላል ናቸው፤ ኤችአይቪን ለመከላከልም ሦስቱም ይሠራሉ። ችግሩ መፈክሩን እንደ ሙሉ ትምህርት መቁጠራችን ነው።

እስቲ «መወሰን»ን እንፈትሸው። ሁለት ሰዎች ተወሰኑ እንበል። አንዳቸው ቀድሞውኑ ቫይረሱ ካለባቸው መተማመን ብቻውን ምን ያደርጋል? ስለዚህ አራተኛ «መ» ያስፈልጋል፦ መመርመር። እሱም ቢሆን ጊዜ አለው። የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊፈጅ ይችላል። ለትናንት ስጋት የዛሬ «ነፃ ነህ» ማረጋገጫ አይሆንም። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ለደረሰ ግን ቫይረሱ እንዳይዘው የሚረዳ፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። መፈክሩ ይህን አይነግራችሁም።

«መጠቀም»ም ኮንዶሙ ቢቀደድስ ለሚለው መልስ የለውም። ያኔ ወሬ ቦታውን ይይዛል፦ «ፖስትፒል ያስወርዳል»፣ «መካን ያደርጋል»። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ክኒኑ በዋናነት የሚሠራው እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ደርሶ መውጫውን በማዘግየት ነው፤ ለዚህ ነው ቶሎ መውሰድ የሚበጀው። እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ምንም አያመጣም። ከአባላዘር በሽታም አይከላከልም።

ሌላው ክፍተት፣ ትምህርቱ ከኤችአይቪ ውጭ ያለውን ችላ ማለቱ ነው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ሳይታከም ከቆየ ግን መውለድን ሊከለክል ይችላል። አብዛኛውን የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ክትባት አለው፤ ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ ጀምራለች።

ከሁሉ በላይ ግን አምስተኛው «መ» ተረስቷል፦ መጠየቅ። «ትፈልጊያለሽ?»፣ «ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ «አይ» ከተባለም ማቆም። ይህን ሳያስተምሩ «ታቀቡ» ማለት፣ እምቢታዋ ያልተከበረላትን ልጅ ጥፋተኛ ያደርጋታል።

«ብዙ ከነገርናቸው ይባልጋሉ» ለሚሉ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ስለ ቤተሰብ ምጣኔ መረጃ ማግኘትን የሴቶች መብት ብሎ ጽፎታል። መብት ደግሞ በሦስት ቃል አያልቅም። እናንተም መፈክር ሲነገራችሁ «ከዚያስ?» በሉ።