ቁልቋልና በለስ፦ ከሁለት ቤት የወጣ አንድ መልክ

በሰሜን ኢትዮጵያ ድንጋያማ ተዳፋቶች፣ በተለይ በትግራይ፣ ቁልቋልና በለስ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ሁለቱም ሥጋማ አረንጓዴ ግንድ አላቸው፤ ሁለቱም እሾሃም ናቸው፤ በበጋው ሌላው ተክል ቅጠሉን አራግፎ ሲከሳ የእነሱ ወዝ አይጠፋም። ከሩቅ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ወንድማማች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ግን የሥጋ ዘመድ አይደሉም። የቁልቋል ዘመዶች ጉሎ፣ ብሳናና ካሳቫ ናቸው። በለስ ደግሞ ከቁልቋል ይልቅ ለቀይ ሥር ይቀርባል። የዘር ሐረጋቸው ከተለያየ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል።

የቁልቋል አገሩ እዚሁ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ከነአገርኛ ስሙ ሥዕሉን አውጥቶታል። በለስ ግን እንግዳ ነው፤ ትውልዱ ሜክሲኮ ሲሆን ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የበለስ ቤተሰብ፣ ማለትም የካክተስ ዘር፣ ዕድሜው ወደ 35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ያን ጊዜ አትላንቲክ ውቅያኖስ አፍሪካን ከደቡብ አሜሪካ ከለየ ብዙ ዘመን አልፎታል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው የወረሰው መልክ የለም። የተራራቀ ዘር ያላቸው ፍጥረታት አንድ ዓይነት ችግር ሲገጥማቸው በየፊናቸው ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ ሲደርሱ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ተቀራራቢ ዝግመተ ለውጥ ይሉታል። እዚህ ችግሩ ድርቅ ነው።

ነገሩ በደፈናው ሲነገር ይኸው ነው። ሥራውን ለማድነቅ ግን ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃ እንስራ ትሠራለች፤ ቆዳ ሠሪው ከፍየል ቆዳ ስልቻ ይሰፋል። ሁለቱም ዕቃዎች ውሃ ይይዛሉ፤ ስፌት ያለው ግን ስልቻው ብቻ ነው። የቁልቋልና የበለስም ሙያ የሚለየው በዚያው፣ በስፌቱ ነው።

ከእሾሁ እንጀምር። በለስ ላይ ቅጠል የሚመስለው ሰፊ ጠፍጣፋ አካል ቅጠል አይደለም፤ ግንድ ነው። በላዩ ላይ ተራርቀው የተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች አሉ። አንዷ ነጥብ ቀረብ ተብላ ስትታይ ለስላሳ ጸጉር የለበሰች ትንሽ ትራስ ናት። ከእሷ አንድም ሁለትም ሦስትም ረጃጅም እሾሆች ይወጣሉ፤ ከግርጌያቸው ደግሞ እንደ ጸጉር የቀጠኑ፣ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥቃቅን ጥርሶች ያሏቸው እሾሆች ታጭቀዋል። በለስ በባዶ እጁ የነካ ሰው ቀኑን ሙሉ ጣቱን የሚያሸው በእነዚህ የተነሳ ነው። ያቺ ነጥብ በእርግጥ እጅግ ያጠረች ቅርንጫፍ ናት፤ እሾሆቹም መልካቸውን የለወጡ ቅጠሎች ናቸው። ማስረጃው ለጋው ግንድ ላይ አለ፦ ከእያንዳንዷ ነጥብ ሥር የጥፍር ያህል ሾጣጣ ቅጠል ብቅ ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል።

አሁን ወደ ቁልቋሉ። የግንዱን ሸንተረር ጠርዝ ተከትለው የሚወጡት እሾሆች ጥንድ ጥንድ ናቸው። ከታች እስከ ላይ ቢከተሏቸው ሁለት፣ ደግሞ ሁለት፣ ደግሞም ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ ጥንድ ቀንድ በመሰለ ጠንካራ ንጣፍ ላይ ተተክሏል። ለስላሳ ጸጉር የለም፤ ትራስም የለም። ለጋው ጫፍ ላይ ቁልቋልም ትንሽ ቅጠል አውጥቶ ቶሎ ይጥላል። ሁለቱም ቅጠላቸውን ትተዋል፤ ሁለቱም እሾህ ታጥቀዋል። ነገር ግን የበለሱ እሾህ ከትራስ የወጣ እቅፍ ነው፤ የቁልቋሉ ግን ከንጣፍ ላይ የበቀለ ጥንድ ነው።

ቅጠሉን መተው ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰፊና ስስ ቅጠል ለፀሐይ የተዘረጋ ስለሆነ ውሃ ያባክናል። ወፍራም ግንድ ግን ብዙ ውሃ ይዞ ለነፋስ የሚያሳየው ገጽ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ምግብ የማብሰሉን ሥራ ለግንዱ ሰጥተው፣ ግንዱን በሰም ሸፍነዋል። በቁልቋል ላይ የምናየው ሸንተረርም የማስጌጫ መስመር አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ግንዱ ውሃ ጠጥቶ ይነፋል፣ ሸንተረሮቹም ይከፈታሉ፤ ሲደርቅ ይሰበሰባሉ፤ ቆዳው ግን አይቀደድም። በአሪዞና በረሃ የቆመው የበለስ ዘመድ፣ ሳጓሮ፣ ይህንኑ ሸንተረር ሠርቷል። የቁልቋልንና የሳጓሮን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለይ ቢባል፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ከሁሉ የረቀቀው ሥራ ግን በዓይን አይታይም። አብዛኛው ተክል አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚከፍተው ቀን ነው፤ ከፍቶም በዚያው ውሃውን ያስወጣል። ቁልቋልና በለስ ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። ሌሊት የሳቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማሊክ አሲድ መልክ ያከማቻሉ፤ ሲነጋ ቀዳዳቸውን ዘግተው ከጓዳቸው እያወጡ በፀሐይ ብርሃን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ይህ በምላስ ይታወቃል። በሜክሲኮ ለጋው የበለስ ግንድ እንደ አትክልት ይበላል፤ በማለዳ የተቆረጠው ከሰዓት በኋላ ከተቆረጠው ይልቅ ይኮመጥጣል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሰውም ህንድ ውስጥ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል በማለዳ ሲቀመስ ኮምጣጣ፣ በቀትር ጣዕም የለሽ፣ ማታ መረር ያለ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1813 ጽፏል። እንዳሁላ የቁልቋልም የበለስም ወገን አይደለም። ይህ የሌሊት አተነፋፈስ ከ30 በሚበልጡ የተክል ቤተሰቦች ውስጥ ተገኝቷል።

እስካሁን ያየነው መመሳሰል ሁሉ ድርቅን የሚመለከት ነው። ድርቅ በማይመለከተው ነገር ላይ ሁለቱም የየቤታቸውን ሥርዓት አልለቀቁም። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይፈሳል፤ የሚያቃጥል፣ ዓይን ቢገባ ለዕውርነት የሚያሰጋ መርዝ ነው። በለስ ሲቆረጥ የሚወጣው ንፍጥ መሰል ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። የበለስ አበባ ሰፊ ነው፤ ብዙ ቢጫ የአበባ ቅጠሎች፣ መሐሉ ላይ እጅግ ብዙ ወንዴ ዘንጎች አሉት። ዘንጎቹ ሲነኩ ወደ መሐል ጎንበስ ይላሉ፤ የገባች ንብ ዱቄቱን ሳትለብስ አትወጣም። የቁልቋል አበባ ግን ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ የተደረደረ ትንሽ ቢጫ ጽዋ ነው። ጽዋው አንድ አበባ አይደለም፤ የአበቦች ጉባኤ ነው። መሐል ላይ አንዲት ሴቴ አበባ ትቆማለች፤ ዙሪያዋን ብዙ ወንዴ አበቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ወንዴ አበባ አንድ ዘንግ ብቻ ነው። ቢጫ ሆኖ የሚያበራውም የአበባ ቅጠል ሳይሆን የጽዋው የማር ከንፈር ነው።

ፍሬው ደግሞ ዘሩን ይናገራል። የቁልቋል ቀይ ፍሬ ሲከፈት ሦስት ክፍል ነው፤ ጉሎም እንዲሁ ሦስት ክፍል ነው። የቀዩን በለስ ሥጋ የሚያቀላው ቀለም ደግሞ ቀይ ሥርን የሚያቀላው የቤታሌይን ወገን ነው። ቁልቋል ይህ ቀለም የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ በዘር ሐረጉ ውስጥ የለምና።

ሦስተኛ ሠሪም አለ። በቆላው ደረቅ መሬት የሚገኘው ካራሉማ የተባለው አጭር ሥጋማ ተክል የጦቢያው ዘመድ ነው። እሱም ቅጠሉን ትቶ ግንዱን ማዕዘናም አድርጓል፤ አበባው ግን የበሰበሰ ሥጋ እየሸተተ ዝንብ ይጠራል።

ዝግመተ ለውጥ ንድፍ አውጥቶ አይነሳም። በእያንዳንዱ ትውልድ ትንሽ ያነሰ ውሃ ያባከነው ተክል ትንሽ የበለጠ ዘር ትቶ ያልፋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ድርቅ በሁለት አህጉር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀ፤ እያንዳንዱም ቤት በእጁ በነበረው ነገር መለሰ። ይህን ሥራ ድንቅ የሚያሰኘው መልኩ መመሳሰሉ ብቻ አይደለም፤ ከማይመሳሰል ነገር ተነስቶ እዚያ መድረሱ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የቁልቋል አጥር አጠገብ ሲያልፉ ቆም ብለው እሾሁን ይቁጠሩ። ጥንድ ጥንድ ከሆነ የጉሎ ዘመድ ነው፤ ከጸጉራም ትራስ በእቅፍ ከወጣ የአሜሪካ እንግዳ ነው። ቅርንጫፉን ግን አይስበሩ፤ ወተቱ ለዓይን ክፉ ነው።