ፍልሰትን በሥዕል
የፍልሰት ጥናት በኮሚክ መልክ ሲቀርብ ክብሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም ለባለጉዳዩ ይደርሳል። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ፖዚቲቭኔጋቲቭስ የተባለ ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ የስደተኞችን ምስክርነት ወደ ሥዕላዊ ታሪክ ይለውጣል። ስልቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን የኢየሩሳሌም ጉዞ በ44 ተከታታይ ሥዕሎች የሚተርከው ባህላዊ ሸራ ፊደል ላልቆጠረም ይናገራል።

ሥዕል መከራን ያቃልላል፣ ጥናትንም ያሳጥራል የሚሉ አሉ። ማሳጠሩ እውነት ነው፤ ዝርዝሩ ግን በጥናቱ ሰነድ ውስጥ ይቆያል። በአንጻሩ ሥዕል የተናጋሪውን ማንነት ሸሽጎ ያየውን ማሳየት ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ የደረሰውን ዓይነት መከራ ለሚናገር ሰው ይህ ትልቅ ከለላ ነው። በጌዴኦ ዞን የኮንጋ ቡና አምራችም ስለ አካባቢው የተባለውን አይቶ «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» ማለት ከቻለ፣ ጥናቱ ራሱ ይታረማል።