የረጋ ስም፣ የሚወርድ ስም፦ ከሊመሪክ እስከ ሰንጋ ተራ

ተዋናይት ሩት ነጋ የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ያደገችው አየርላንድ ውስጥ በሊመሪክ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ለኦስካር ስትታጭ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች በአገራቸው ወግ «ነጋ» እያሉ ጻፉላት። አዲስ አበባ ብትሆን ማንም በዚህ ስም አይጠራትም፤ ነጋ የወንድ ስም ነው፣ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገርም ነው። አየርላንድ ግን ይህን ግስ ተቀብላ እንደ መርፊና እንደ ኬሊ የቤተሰብ ስም አደረገችው።

አየርላንዳውያን በዚህ ሥራ ከአውሮፓ ቀደምቶች ናቸው። በ916 እ.ኤ.አ. የሞተ አንድ የምዕራብ አየርላንድ ሹም «ኦ ክሌሪ» ተብሎ በዜና መዋዕል ተጽፏል፤ ብዙዎች ይህን በአውሮፓ ከተመዘገቡት የዘር ስሞች ሁሉ አንጋፋው ያደርጉታል። ከፊት የምትመጣው «ኦ» ትርጉሟ የልጅ ልጅ፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ ማለት ነው። በአገሩ እጅግ የበዛው መርፊ የመጣው ሙርካድ ከተባለ የቀድሞ አባት ስም ሲሆን፣ የባሕር ተዋጊ እንደማለት ነው። መነሻው ከእኛ ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። እነሱም እንደ እኛ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ» ይሉ ነበር። ልዩነቱ እነሱ አንድ አያት ላይ ቆሙ፤ ከሺህ ዓመት በኋላ የተወለደውም ሕፃን የዚያው ሰው «የልጅ ልጅ» እየተባለ ይመዘገባል።

የእንግሊዝ አገዛዝ በዚህ ገብቶ አምሷል። በ1465 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ በደብሊንና በአካባቢዋ የሚኖሩ አየርላንዳውያን የከተማ፣ የቀለም ወይም የሙያ ስም ያለው እንግሊዝኛ መጠሪያ እንዲይዙ አዘዘ። በኋለኞቹ ዘመናትም ብዙዎች «ኦ»ንና «ማክ»ን ጣሉ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የቋንቋና የባህል ንቅናቄ ሲነሣ የልጅ ልጆቻቸው መልሰው ቀጠሏቸው። ስሙ የረጋ ስለነበር ሊነጠቅም፣ ሊመለስም ቻለ።

ወደ ሰንጋ ተራ እንምጣ። በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ይህ ሰፈር የንግድ ሥራ ኮሌጅ ለረጅም ዘመን የኖረበት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የ40/60 ቤቶች መጀመሪያ ከተላለፉባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። ዛሬ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች ሰማዩን ተሻምተውበታል። ሰንጋ ግን አይሸጥበትም። አዲስ አበባ ለሰፈሮቿ እንደ አየርላንዳውያን ናት፦ ጭድ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። ነገሩ ሄዶም፣ ሰውዬው ሞቶም ስሙ አይነቃነቅም። በዚሁ ሰፈር ሒሳብ ሊከፍት የመጣው ሰው የሚሞላው ቅጽ ደግሞ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠይቀዋል፤ ልጁ ነገ ሲመጣ ያ አያት ከቅጹ ላይ ወጥቷል። ሰፈሩ ስሙን አርግቶ ነዋሪው ስሙን የሚያወርድበት ከተማ ውስጥ ነን።

የሚወርድ ስም የራሱ ትርፍ አለው። አየርላንድ ውስጥ መርፊ የበዛው ስለተወደደ ሳይሆን ስለተወረሰ ነው። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ ይመረጣል፣ ስለዚህ የዘመኑን ምኞት ይዞ ይገኛል። ሶሊያና አበበ ወልደማርያም የምትባል ተማሪ ብናስብ፣ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የቤተ ክርስቲያን ጥምር ስም፣ ቀጥሎ እንደ ከበደና እንደ ተስፋዬ የወላጅን ደስታ የሚናገር ስም፣ መጨረሻ ላይ የዛሬ ከተሜ ወላጆች ምርጫ ይገኛል። ሦስት ዘመን በአንድ መታወቂያ። ሚስትም ስታገባ ስሟን አትጥልም፤ «ወይዘሮ» የሚቀጠለው በገዛ ስሟ ላይ ነው። ብዙ የአውሮፓ ሴቶች ይህን ያገኙት ተሟግተው መሆኑን እግረ መንገዴን ላንሣ።

የረጋ ስም ለምን አላስፈለገንም? «ኋላ ቀርነት ነው» የሚለው መልስ የሰነፍ መልስ ይመስለኛል። የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ አላን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጎጃም የመሬት ይዞታ ጥናት እንዳሳየው፣ የአማራ ገበሬ ርስት የሚጠይቀው መሬቱን ከያዘው ዋና አባት ትውልዱን ቆጥሮ ነበር። የሚቆጥረውም በአባቱ ብቻ ሳይሆን በእናቱ፣ በአያቱም እናት በኩል ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው በአባት ብቻ የሚሄድ አንድ የቤተሰብ ስም ምን ያደርግለታል? የእናቱን ወገን ርስት የሚያስረሳ ስም ቢይዝ ራሱን መንቀል ነበር። ጋብቻም ሲታሰብ ሰባት ቤት መቁጠር የግድ ነበር፣ ያም ከስም ጽሑፍ ሳይሆን ከሽማግሌ አፍ የሚገኝ እውቀት ነው። አየርላንዳዊው በ«ኦ» የያዘውን የእኛ ሰው በቃሉ ያዘው፣ ያውም በብዙ አቅጣጫ።

ይህን ሁሉ ረስቶ የመጣው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ሰነድም የቤተሰብ ስሙ እንዲቀድም ያዛል። ልጅ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይወርሳል። በወረቀት ላይ ሁላችንም መርፊዎች ሆንን ማለት ነው። ይሁንና ያው ሕግ የክብር መዝገብን ሥራ በአንቀጽ 3361 ወደፊት ለሚወጣ ትእዛዝ አሳድሮት ስለነበር ስም የሚያረጋ መዝገብ ሳይኖር ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር የሰው ልማድ ከሕጉ ቀድሞ ረግቶ ነበር። ሕዝቡ አንቀጹን አልተቃወመውም፣ ጭራሽ ልብ አላለውም።

የሕጉ አርቃቂ ያልቻለውን ስደት ችሎታል። ዘ ዊክንድ የሚባለው ዘፋኝ በ1990 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ሲወለድ አቤል መኮንን ተስፋዬ ተባለ። ይህ ንጹሕ የእኛ አቆጣጠር ነው፦ ራሱ፣ አባቱ፣ አያቱ። የውጭው መዝገብ ግን አባትየውን «መካከለኛ ስም»፣ አያትየውን የቤተሰብ ስም አድርጎ አነበበው፤ ዓለምም ተስፋዬ ብሎ ያዘው። የአበበ ቢቂላ ነገር ደግሞ ከዚህ ይገርማል። ያለ ጫማ ሮጦ ሮምን ያሸነፈው አበበ ሆኖ ሳለ አንድ የጫማ ኩባንያ ምርቱን በአባቱ ስም ቢቂላ ብሎ ሸጠ፣ ቤተሰቡም በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። የኃይለ ሥላሴን ስም ቆርጠው «ሥላሴ» ብቻ የሚጽፉ የውጭ ደራስያንም አሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ትተው ስለ ፈጣሪ የጻፉ ይመስላሉ።

በዚህ ልማድ እኛ ብቻ አይደለንም። አይስላንድ እስከ ዛሬ በአባት ስም፣ አንዳንዴም በእናት ስም ትጠራለች፤ በ1925 እ.ኤ.አ. አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በሕግ ከለከለች። የተማረ፣ የበለጸገ፣ መዝገቡ የጠራ አገር ያለ ቤተሰብ ስም መኖር እንደሚችል ለሚጠራጠር ይህ በቂ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ምሁራንም ደንባቸውን አስከብረዋል፤ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን የሚጠቅሱት በሙሉ ስሙ፣ በፊደል ተራም በ«ባ» ሥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተሩን «ዶክተር ቴድሮስ» እያለ ይጠራል። ሌላው መሥሪያ ቤት ይህን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ጠያቂ ስላጣ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰው ስም ምዕራፍ የሚሻሻልበት ቀን ሲመጣ፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ይውጣና ቅጾቻችን ዛሬም የሚጠይቁት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በሕግ ይጻፍ። ውጭ አገር ልጅ የምትወልዱም የሆስፒታሉን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ተመካከሩ፤ የመጀመሪያው ልጅ በአያቱ፣ ሁለተኛው በአባቱ ስም ተመዝግበው ወንድማማቾች መሆናቸውን በየቢሮው ማስረጃ የሚጠየቁ ልጆች አሉና።