ሰረዝ በሰረዝ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ሣሩ ውስጥ በመንጋ ዘር የምትለቅም ቡናማ ወፍ ሊያይ ይችላል። ድንቢጥ ብትታክል ነው። ቢጫ የላት፣ ቀይ የላት፤ ብዙው መንገደኛ አይቷት ያልፋል። እኔ ግን በአገራችን ካሉት ወፎች ሁሉ በላባዋ አሠራር የምደነቀው በእሷ ነው።

የጀርባዋን አንዲት ላባ ብቻ እንይ። መሐሏ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ወደ ዳር እየሳሳ ሄዶ ጠርዟ ላይ ደረቅ ሣር ይመስላል። ላባዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረቡ ጥቁሩ መሐል ከጥቁሩ መሐል ይገጥምና ቁልቁል የሚወርድ ሰረዝ ይሆናል። ደረቷ ላይ መደቡ ነጣ ይላል፣ ሰረዙም አብሮ ይቀጥናል። የክንፏ ረጃጅም ላባዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ፈዛዛ ጠባብ ጠርዝ አላቸው፤ ክንፏን ስታጥፍ ጠርዞቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ቀለም ሳይነካው ከበግ ጠጉር እንደሚሠራ የመንዝ ባና፣ ውበቷ ያለው በአሰላለፉ ነው።

መለየቷም ከዚሁ ይመጣል። ስትሪኪ ሲድኢተር የሚባለው ዘመዷ እሱም ባለሰረዝ ነው፤ ነገር ግን ጎልቶ የሚታይ ነጭ ቅንድብ አለው፣ መንቆሩም ወፈር ይላል። ሌላው ዘመዷ ሲበር ከጭራው በላይ ቢጫ ብልጭ ያደርጋል። እሷ ቅንድቡም ቢጫውም የላትም፤ መንቆሯ ትንሽና ቀጭን ነው። አንድ ምልክት ፈልጎ ማረፍ ስለማይቻል መላ አካሏን ማንበብ ግድ ነው።

ይህ ንባብ ብዙ ዘመን ወስዷል። ጣሊያናዊው የወፍ አጥኚ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እዚያው አንኮበር አጠገብ፣ ምኒልክ በሰጡት ሌት ማረፊያ በሚባል ቦታ ተቀምጦ እንስሳትና ወፎች ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። ወፏን ግን እንግሊዛዊው ጆን አሽ ያገኛት በ1976 ነው፤ በ1979ም ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኗን ጽፎ የአንኮበርን ስም ሰጣት። ኋላ በሰሜን ተራሮችም ተገኝታለች። ሊያያት የሚሄድ ሰው መንጋው ብር ሲል አብሮ አይሩጥ፤ እስኪያርፍ ይጠብቅና መጀመሪያ ቅንድብ፣ ከዚያ መንቆር፣ ከዚያ ደረት ይመልከት።