የካርዱ ጀርባ

በአሜሪካን አገር አንድ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ሆዱ ሲባባ ማየት ካማረዎት ብዙ አይድከሙ። በልጅነቱ ሰፈር የስፖርት ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረ ወይ ብለው ይጠይቁት። ጠበቃም ይሁን የቧንቧ ሠራተኛ ድምፁ ይለሰልሳል። ስለ መስተዋቱ ባንኮኒ፣ አዲስ እሽግ ሲቀደድ ስለሚሸተው ማስቲካ፣ ቅዳሜ ጧት በብስክሌት ስለሚደረገው ጉዞ ያወራል። «ባለሱቁ በስሜ ይጠራኝ ነበር» ይላል። ይህ ዓይነቱ ትዝታ ዛሬ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ሆኗል። ብዙ አንብቤአለሁ። ያስደስተኛል፤ ግን አላምነውም። የማላምነው እኔም እንዲህ ካለው ባንኮኒ ፊት ስለቆምኩ ነው፤ ያውም በልጅነቴ ሳይሆን የሠላሳ ዓመት ሰው ሆኜ፣ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በኪሴ ይዤ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። የቤዝቦል ካርድ ከመዳፍ የማትበልጥ ወፈር ያለች ወረቀት ናት። ፊቷ ላይ የተጫዋቹ ምስል፣ ጀርባዋ ላይ ታሪኩ አለ። በመጀመሪያ ከሲጋራ ጋር ነበር የምትሰጠው፤ ሰብሳቢዎች ቲ206 እያሉ የሚጠሯቸውንና ዛሬ እንደ ወርቅ የሚታዩትን ካርዶች ከ1909 እስከ 1911 ያሠራጨው የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ ነው። ኋላ ትምባሆው ቀረና ማስቲካ መጣ። አሁን የምናውቀውን መልኳን የሰጣት የብሩክሊኑ ቶፕስ ኩባንያ በ1952 ያወጣቸው 407 ካርዶች ናቸው። ሳይ በርገር የተባለው የኩባንያው ሠራተኛ ከውዲ ጌልማን ጋር ሆኖ በቤቱ የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ እየቆረጠ እየለጠፈ ነደፋቸው። ከፊት ምስል፣ ስም፣ ፊርማና የቡድን ዓርማ፤ ከኋላ ያለፈው ዓመት ውጤት፣ የዘመኑ ሁሉ ድምርና ጥቂት መስመር የሕይወት ታሪክ።

ስለ ፊቷ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምናገረው ስለ ጀርባዋ ነው። የካርድ ጀርባ ሥነ ጽሑፍ ነው ብል የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። በእኛ አገር በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያስቡ፤ ሟቹ ሁሉ ደግ፣ ሟቹ ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ነው። የካርድ ጀርባ ግን ቅጽል አያበዛም። ዓመት፣ የቡድን ስም፣ ቁጥር፤ ከሥሩ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ቁጥር። ቁልቁል ላነበበው አንድ ወጣት ከትንሽ ከተማ ቡድን ተነስቶ ወደ ትልቁ ሊግ ሲወጣ፣ ሲደምቅ፣ ክንዱ ሲዝል፣ ከቡድን ቡድን ሲዞር ይታያል። «አረጀ» ብሎ የጻፈ የለም፤ ቁጥሩ ብቻ ያንሳል። ብዙ ዘመን የተጫወተው ሰው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ይሞላል። ጀማሪው ግን ባዶ ቦታ ስለሚተርፈው «ክረምት ክረምት አደን ይወዳል» የመሰለ ነገር ይጨመርለታል። ታሪክ የሌለው ሰው ስለ ትርፍ ጊዜው ይወራለታል ማለት ነው።

ይህን ንባብ ያስተማሩኝ አንድ ባለሱቅ ናቸው። በ1990 ቨርጂንያ ከእኅቴ ቤት ተጠግቼ ማታ ማታ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። የእኅቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየቅዳሜው በልብስ ማጠቢያ ቤትና በዶናት ቤት መካከል ወደተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ እየጎተተ ይወስደኛል። ዋሽንግተን ከ1971 መጨረሻ እስከ 2005 የራሷ ቡድን ስላልነበራት የአካባቢው ልጆች ልባቸው ከባልቲሞር ኦሪዮልስ ጋር ነበር። ባለሱቁ በፖስታ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ጨዋታው እንደማይገባኝ አይተው ይሆናል፣ አንድ ቀን የካል ሪፕከንን ካርድ አወጡና ፊቱን ሳያሳዩኝ ገለበጡት። ጣታቸውን አንድ ዓምድ ላይ አሳርፈው «ይኼን ቁልቁል አንብበው» አሉኝ። በየዓመቱ የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ብዛት ነው። ከ1982 ጀምሮ 160፣ 162፣ 162፣ 161፣ 162፣ 162 እያለ ይወርዳል። «በዓመት ያለው ጨዋታ 162 ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

በሳምንት ስድስት ሌሊት የሚሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሪፕከን በመስከረም 1995 የሉ ጌሪግን የ2,130 ተከታታይ ጨዋታዎች ክብረ ወሰን ሲሰብር አገር ጉድ አለ። እኔ ግን ከዓመታት በፊት ከአንዲት ካርድ ጀርባ አንብቤው ስለነበር አልተደነቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስተምር ሱቅ መልካም ሱቅ ነበር። እስከዚህ ድረስ ከባለ ትዝታዎቹ ጋር አንድ ነን።

የምንለያየው በባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ በነበረው በሌላው ጽሑፍ ነው። ጄምስ ቤኬት የሚባል የስታትስቲክስ መምህር በ1979 የካርድ ዋጋ የሚዘረዝር መጽሐፍ ከባልደረባው ጋር አወጣ። በ1984 ደግሞ ወርኃዊ መጽሔት ጀመረ። ለእያንዳንዷ ካርድ ሁለት ዋጋ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው፤ ከጎኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት። ነጋዴውን ማንም እንደፈለገ ዋጋ እንዳይቆልል ስለገታው መጽሔቱ በጎ ሥራ ሠርቷል። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ሌላ የሚነበብ ነገር አለመኖሩ ነው። ልጆቹ ካርዷን ገልብጠው ማየት ተዉ። እሽግ ቀድደው ቀጥታ ወደ መጽሔቱ ነው። «ስንት ታወጣለች?» ባለሱቁም በስም የሚጠሩትን ልጅ ካርድ ሲገዙት መጽሔቱ ከሚለው ግማሹን እንኳ አይሰጡትም ነበር፤ ኪራይ አለባቸውና አልፈርድም። ነገር ግን የትዝታው ጽሑፍ ስለ ማስቲካው ሽታ ሦስት ገጽ ሲጽፍ ስለዚህ መጽሔት አንድ መስመር የሚጽፈው ለምንድን ነው? ያ ልጅ በዚያ ባንኮኒ ላይ ጓደኛውን በመጽሔት እየመዘነ መሸወድንም ተምሯል። የእኅቴ ልጅ አንድ የሰፈር ሕፃን ቀስቱ ወደ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ካርዱን የለወጠው ቀን እንዴት ደስ እንዳለው አልረሳም። ሳልቆጣው መቅረቴንም አልረሳም።

መጽሔቱም በመንገዱ ሐያሲ ነው፤ ይህ ይበልጣል፣ ያ ያንሳል ይላል። ሐያሲ ግን ምክንያት ይሰጣል፣ ቀስት ምክንያት የለውም።

በ1989 አፐር ዴክ የሚባል አዲስ ኩባንያ መጣ። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ማጭበርበር የሚከለክል ሆሎግራም የተለጠፈበት፣ አንዱ እሽግ 99 ሳንቲም። ቁጥር 1 ካርዱን በትልቁ ሊግ ገና አንድም ጨዋታ ላልተጫወተው ለኬን ግሪፊ ታናሹ ሰጠው። በፎቶው ላይ የሚታየው የሲያትል ኮፍያ እንኳ በቀለም የተቀባ ነው፤ ልጁ ፎቶ የተነሳው በትንሹ ሊግ ቡድን ኮፍያ ነበርና። ውብ ካርድ ናት፣ አልክድም። ግን ገልብጠው ይዩአት፤ ከኋላም ሌላ ትልቅ ፎቶግራፍ ተገትሮ የቁጥሩን ቦታ ወስዶታል። ለሚያይ እንጂ ለሚያነብ አልተሠራችም። የዘመኑ መንፈስ ሁሉ እዚያ ገብቷል።

እኔም ገባሁ። በ1991 ከዚያችው ሱቅ ሃያ ሳጥን የቶፕስ ካርድ በ400 ዶላር ገዛሁ። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም በነበረበት ዓመት የስንት ሌሊት ሥራ እንደሆነ አንባቢ ያስላው። በሳጥን 36 እሽግ፣ በእሽግ 15 ካርድ፤ በድምሩ 10,800 ካርድ። ሽማግሌው «አትክፈታቸው፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ትሸጣቸዋለህ» አሉኝ። እኅቴ ሳጥኖቹን ቤዝመንት ስደረድር ቆማ አየችኝና «ልጄን በወረቀት ልታስተምርልኝ ነው?» አለች። «እትዬ፣ አንቺ አይገባሽም» አልኳት። ታላቄን እንዲህ ብዬ ተናግሬአት አላውቅም ነበር።

የገባት እሷን ነው። የ1952ቱ ካርድ የተወደደው ማንም ስላላስቀመጠው ነው፤ እናቶች ጣሉት። ቶፕስ ራሱ ሳይሸጥ የቀረውን በ1960 በጀልባ ጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ እንደደፋው በርገር ተናግሯል። በ1991 ግን የሚጥል እናት አልነበረም። ሁሉም አስቀመጠ። ኩባንያዎቹም ስንት እንዳተሙ አይናገሩም። የዋጋ መጽሔቱ የቱን ያህል ቢጠነቀቅ ያልተነገረውን ቁጥር ሊዘረዝር አይችልም። ከዚያ ነሐሴ 12 ቀን 1994 ተጫዋቾቹ አድማ መቱ፣ የዓመቱ ፍጻሜ የሆነው ወርልድ ሲሪስ ተሰረዘ፣ ልጆቹም ከባንኮኒው ራቁ። በመስከረም 1995 ኋላ ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ተከፈተና እያደር ሱቁን ሁሉ ሰው ቤት አስገባው።

በ1996 ሱቋ ልትዘጋ ነው ሲባል ሄድኩ። ለመሰናበት አልነበረም። ሳጥኖቼን መልሰው እንዲገዙኝ ልጠይቅ፣ እምቢ ካሉ ደግሞ የማስበውን ልነግራቸው ነው። ሽማግሌው አፌን ከመክፈቴ በፊት የጓዳውን በር ከፈቱልኝ። ከወለል እስከ ጣሪያ ሳጥን ነው። እኔ የገዛሁት ዓይነት፣ ያልተከፈተ፣ ግድግዳው እስከማይታይ ድረስ። «የጡረታ ገንዘቤ ይኸውልህ» አሉ። አታለውኝ አልነበረም፤ እንደኔው አምነው ነው። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። እጃቸውን ሳልጨብጥ መውጣቴን ግን አስታውሳለሁ።

ዴቭ ጄሚሰን የተባለ ጋዜጠኛ በ2010 ሚንት ኮንዲሽን፣ ማለትም እንከን የለሽ ይዞታ፣ የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። በልጅነቱ የሰበሰበውን ካርድ ሊሸጥ ሲነሳ ገዢ በማጣቱ ይጀምራል። ከትዝታ ጽሑፎቹ ሁሉ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ኀዘኑን ወደ ምርመራ ይለውጠዋል፤ ስለ ኩባንያዎቹ፣ ስለ አጫራቾቹ የሚተርከው ሁሉ ይነበባል። እኔ ያጣሁበት ያንን ጓዳ ነው። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ያመነውን የሚሸጥ ተራ ነጋዴ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ጥላ ያልፋል። ለጄፈርሰን ቡርዲክ ስለሰጠው ቦታ ግን ይመስገን።

ቡርዲክ የሲራኪዩዝ ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ መገጣጠሚያው በሪህ የታሰረ ብቸኛ ሰው ነበር። ቲ206 የሚለው ስያሜ የእሱ ነው፤ የአሜሪካን ካርዶች በዓይነትና በዘመን ለይቶ ካታሎግ ያዘጋጀው እሱ ነውና። ከ300,000 በላይ የታተሙ ቁርጥራጮች ሰብስቦ ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። በታመመ እጁ አልበም ላይ ሲለጥፍ ኖሮ በጥር 1963 ጨረሰ፣ በመጋቢት ሞተ። መለጠፉን ልብ ይበሉ፤ ሙጫ የነካው ካርድ በገበያ ዋጋው ይወድቃል። ከእነዚያ ውስጥ የሆነስ ዋግነር ካርድ ይገኛል፣ በዓለም የምትታደነው።

የሌላዋን የዋግነር ካርድ ዕጣ ከዚህ ጋር ያስተያዩ። በ1991 ዌን ግሬትስኪና ብሩስ ማክኖል በ451,000 ዶላር ገዟት። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ፒኤስኤ የተባለው ደረጃ መዳቢ ድርጅት የመጀመሪያ መዛኙ አድርጎ ከ10፣ 8 ሰጣት። በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው አጫራች ጠርዟን ራሱ እንደቆረጠው አመነ። ዛሬም ገበያው ደርቷል። በ2021 ካርድ ፍለጋ ሰው ስለተደባደበ ታርጌት ሽያጩን በመደብሮቹ አቁሞ ነበር፤ በነሐሴ 2022 የ1952ቱ የሚኪ ማንትል ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ካርዶቹ ዛሬ በወፍራም ፕላስቲክ ታሽገው፣ ደረጃቸው በራሳቸው ላይ ተጽፎ ከካዝና ካዝና ይዘዋወራሉ።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። የዩኒቨርሲቲውን ዕዳ ከፍሎ ከጨረሰ ቆይቷል። እኅቴ ቤዝመንቱ ይጠረግ ስላለች ሳጥኖቹን አወጣንና፣ «ጋሼ፣ እንክፈታቸው?» አለኝ። ከፈትናቸው። ቶፕስ ማስቲካ ያሸገው እስከዚያ ዓመት ነበር፤ ማስቲካው ጠጥሮ እንደ ሸክላ ይሰበራል። በአራተኛው ሳጥን ሪፕከን ወጣ። ልጅቱ ፎቶውን አይታ ልታስቀምጠው ስትል አባቷ ገልብጦ ጣቱን ዓምዱ ላይ አኖረላት። ቁልቁል ማንበብ ጀመረች፣ «160፣ 162፣ 162» ብላ ቆመች። የማስቲካው ስኳር ተጣብቆ ከዚያ በታች ያለውን ልጦታል። አባቷ ወደ እኔ ዞረ።

«161» አልኳት።